ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከሮም አስፋልት እስከ ተሽከርካሪ ወንበር

የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ያልሰማ የማኅበረሰባችን አባል ይኖራል ብለን አናምንም። አገር ቤት ያደጉት በሬዲዮና በትምህርት ቤት ሰምተውታል፤ እዚህ እስራኤል የተወለዱት ልጆቻችንም ቢሆኑ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ስላሸነፈው ኢትዮጵያዊ ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ጀግና የሕይወቱን የመጨረሻ አራት ዓመት ከሰባት ወር ያሳለፈው እግሮቹ ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሚያውቀውም አሳዛኝ ነገር ነው ብሎ ከንፈሩን መጥጦ ያልፈዋል።

እኛ በአሽቀሎን ከተማ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የምናገለግል እንደመሆናችን፣ በመኪና አደጋ፣ በሥራ ቦታ ከፎቅ በመውደቅ ወይም በበሽታ ምክንያት ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ወገኖቻችንን በየቤቱ እናገኛለን። ብዙዎቹ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ፣ ሠርግና ለቅሶ የቀሩባቸው ናቸው። ቤተሰብ የሚደብቃቸው ስለጠላቸው አይደለም፤ ሐፍረቱና ሐዘኑ ስለከበደው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአበበን ታሪክ ሁሉም ሰው ከሚያቆምበት አልፈን፣ እስከ መጨረሻው ልንነግራችሁ ወደድን። ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን ዋና ዋናዎቹን በኢትዮጵያም አስቀምጠናል።

የድሉ ዘመን

አበበ ቢቂላ ኦገስት 7 ቀን 1932 (ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.) በሸዋ ክፍለ ሀገር ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የሚገርመው የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደው በዚያው ዕለት ነበር። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ሲጠብቅ አድጎ፣ ወጣት ሲሆን አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባሉት ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን አይተው ለሩጫ አዘጋጁት።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ተሰለፈ። ቀኑ በኢትዮጵያ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። የሚመቸው ጫማ ስላላገኘ በተለማመደው በባዶ እግሩ ሮጠ። ሩጫው የሚያልፈው ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት አጠገብ ነበር። አበበም የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ በጊዜው በዓለም ማንም ያልሮጠው ነበር። ከሰሃራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ጥቁር አፍሪካዊም እርሱ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 (ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.)፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን ሳይሞላው በቶኪዮ ተሰለፈ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም። ሕዝቡ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቀው እርሱ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። አሁን የምንነግራችሁን ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1960፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀስት ወረወሩ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ፣ ዋኙ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እርሱ ነው። አበበ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍም እንዲሁ፣ ከ18 ቀን በኋላ እነዚያው ስፖርተኞች እዚያው ቶኪዮ ደረሱ። አበበና እነርሱ እየተከታተሉ ይሄዱ ነበር፤ ግን አልተገናኙም።

በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲመጣ አበበ እግሩን ታሞ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞቹን ሜክሲኮ ለመቀበል ስላልቻለች፣ በዚያ ዓመት የተቀበለቻቸው አገራችን እስራኤል ናት። ኖቬምበር 4 ቀን 1968 በኢየሩሳሌም፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም፣ የ28 አገሮች ስፖርተኞች በሕዝብ ፊት ተሰለፉ፤ ውድድሩም በራማት ጋን በሚገኘው የኢላን ስፖርት ማዕከል ተካሄደ። ኢላን የተባለው ማኅበር የፖሊዮ በሽታ ብዙ ልጆችን ሽባ ባደረገበት ጊዜ፣ በ1952፣ በሕዝብ መዋጮ የተቋቋመ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ውድድር ተሳተፈች። እንግዲህ የማኅበረሰባችን ትልቁ የዓሊያ ማዕበል ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በኢየሩሳሌም ስታዲየም የተሰለፉ ኢትዮጵያውያን አካል ጉዳተኞች ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ አበበ ቢቂላ ከነርሱ አንዱ ሆነ።

ከብሬስላው የተሰደዱት ሐኪም

የአበበን አደጋ ከመናገራችን በፊት፣ ሕይወቱን ያተረፈለትን የሕክምና ዘዴ ማን እንዳመጣው መናገር ይገባል።

ሉድቪግ ጉትማን ጁላይ 3 ቀን 1899 ያኔ የጀርመን ግዛት በነበረችው በሲሌዝያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1917 ገና ልጅ ሳሉ በአንድ ሆስፒታል በፈቃደኝነት ሲረዱ፣ የጀርባ አጥንቱ የተሰበረ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ አዩ። ጠንካራ ወጣት ነበር። ሐኪሞቹ ግን እንደ ሙት ቆጥረውት ነበር፤ ቁስሉ አመርቅዞ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሞተ። ጉትማን ያንን ሰው ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። አድገውም የነርቭ ሐኪም ሆኑ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁድ ሐኪሞችን ከመንግሥት ሆስፒታል አስወጡ። ጉትማን በብሬስላው ከተማ በአይሁድ ሆስፒታል ሠሩ፤ ኃላፊም ሆኑ። በኖቬምበር 1938 ምኩራቦች በተቃጠሉበት ሌሊት ወደ ሆስፒታሉ የሸሸውን ሁሉ ተቀብለው አስተኙ፤ በማግሥቱም ጌስታፖዎች ሲመጡ ለእያንዳንዱ ሰው በሽታ እየፈጠሩ ከ64ቱ 60ውን አዳኑ። በማርች 1939 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ቪዛውን ያስገኘላቸውና ኦክስፎርድ ላይ መቋቋሚያ 250 ፓውንድ የሰጣቸው፣ የተሰደዱ ምሁራንን ለመርዳት የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ 250 ፓውንድ ለአንድ ስደተኛ ቤተሰብ የተሰጠ ጥቂት ገንዘብ ነበር። በኋላ ያፈራው ፍሬ ግን በመላው ዓለም ደረሰ።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1944 ጉትማን ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ሕብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ሞቱን የሚያመጣው ሽባነቱ ራሱ አልነበረም። ሰውነቱ ስለማይሰማው አንድ ቦታ ሲተኛ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሽንቱም በፊኛው ውስጥ ስለሚቀር ኩላሊቱን ያመረቅዛል። ጉትማን ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ማገላበጥ፤ የሽንቱን ነገር በንጽሕና መከታተል፤ ክንዶቹን ማጠንከር፤ ሥራና ስፖርት መስጠት። ውጤቱን መዘገቡ፣ አሳተሙ፣ ለሌሎች ሐኪሞች አስተማሩ። ሰው መሞቱን አቁሞ መኖር ጀመረ።

ጁላይ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ግቢ 16 ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደሩ። የፓራሊምፒክ ዘር የተዘራው ያኔ ነው።

የሸኖ መንገድ

ማርች 22 ቀን 1969 (መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.) ማታ፣ አበበ ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሳለ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። ሰው ደርሶ እስኪያወጣው ድረስ ሌሊቱን መኪናው ውስጥ እንደተቀረቀረ አደረ። የአንገቱ አጥንት ተጎድቶ ነበር። ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አይታዘዝም፤ ራሱን እንኳን ማዞር አልቻለም።

በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት፣ ሕብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ገመድ ነው። አንጎል ለእግርና ለእጅ የሚልከው ትእዛዝ ሁሉ በርሱ በኩል ይወርዳል፤ ሰውነት የሚሰማውም ሁሉ በርሱ በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። ጉዳቱ ወገብ ላይ ከሆነ እግር ይያዛል፤ አንገት ላይ ከሆነ እጅም ጭምር። የእጃችን ወይም የእግራችን ነርቭ ቢቆረጥ ቀስ እያለ ሊያድግ ይችላል። የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ግን ተመልሶ አያድግም፤ በተጎዳበት ቦታ የሚፈጠረው ጠባሳም መንገዱን ይዘጋዋል። የምርምሩ ሁሉ ጥያቄ ይኸው ነው።

አበበ ማርች 29 ቀን በአውሮፕላን ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ። ዶክተር ጉትማን በዚያን ጊዜ ከሆስፒታሉ ሥራ ጡረታ ወጥተው የስፖርቱን ጉዳይ ይመሩ ነበር፤ አበበን ያከመው እርሳቸው የተከሉት ሥርዓትና ያሠለጠኗቸው ባለሙያዎች ናቸው። ስምንት ወር ታከመ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ጠይቀውታል፤ ከዓለም ዙሪያ ምሕረት ይላክልህ የሚሉ ካርዶች ደርሰውታል። ቀስ በቀስ ክንዶቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ቁስልና የኩላሊት መመረቅ እንዳይገድለው ማድረግ ተችሎ ነበር፤ ማስኬድ ግን ማንም አልቻለም። ዕውቀቱ እስከዚያ ድረስ ነበር።

ያን ዕውቀት ማን ከፈለበት ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከፍሏል። ጉትማንን የተቀበለው የስደተኛ ምሁራን ማኅበርም ድርሻ አለው። አበበ በታከመበት ዓመት፣ በኦገስት 1969፣ በሆስፒታሉ አጠገብ ንግሥቲቱ የመረቁት የጉዳተኞች ስታዲየም የተሠራው ጉትማን ዓመታት ሙሉ እየዞሩ ባሰባሰቡት መዋጮ ነው። እነዚያ ሰጪዎች ገንዘባቸው አንድ ቀን ከሸዋ ለሚመጣ ሯጭ እንደሚጠቅም አላሰቡም።

እንደገና ተወዳዳሪ

አበበ ወደ አገሩ ተመልሶ ቤቱ አልተደበቀም። በጁላይ 1970 ወደ ስቶክ ማንደቪል ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው፣ ጀማሪ ሆኖ ከጀማሪዎች ጋር መሰለፉን እንደ ውርደት አልቆጠረውም። በኤፕሪል 1971 ኖርዌይ ውስጥ ለጉዳተኞች ውድድር በክብር እንግድነት ተጋበዘ፤ እርሱ ግን ተወዳደረ። በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ በተደረገው ውድድር 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የጃቶ እረኛ በበረዶ አገር ሲያሸንፍ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት።

በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ ሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ። አበበ ስለ አደጋው ሲጠየቅ፣ ድሉንም አደጋውንም ከፈጣሪ እንደመጣ አድርጎ እንደተቀበለው ይናገር ነበር። ብዙ ወገኖቻችን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚሉት ነገር ተስፋ ለመቁረጥ ነው፤ አበበ ያንኑ ቃል ይዞ ቀስት ለመማር ሄደ።

ኦክቶበር 25 ቀን 1973 (ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ችግር፣ በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ። የብሔራዊ ሐዘን ቀን ታወጀ፤ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ሸኘው። ዶክተር ጉትማንም ማርች 18 ቀን 1980 ዐረፉ።

ሩጫውን የቀጠሉት

አበበ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ አበበ የደረሰበት አደጋ ቢደርስ እንደገና በእግሩ ይሄድ ነበር ወይ? በታማኝነት ስንመልስ፣ የተረጋገጠ መድኃኒት ዛሬም የለም። ነገር ግን በሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ያንቀሳቀሰውም በከፊል የተራ ሰዎች መዋጮ ነው።

የሱፐርማን ተዋናይ የነበረው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በስሙ በሚጠራው ድርጅት በኩል ለምርምር ብዙ ገንዘብ አሰባስቧል፤ በ2003 እስራኤል መጥቶ ተመራማሪዎቻችንንና ጉዳተኞቻችንን ጎብኝቷል፤ በ2004 ዐረፈ። በዚያው በ2004 በኦስትሪያ ዊንግስ ፎር ላይፍ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው አንድ ብቻ ነው፤ የሕብለ ሰረሰር ምርምርን በገንዘብ መደገፍ።

ይህ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ በብዙ አገሮች በአንድ ሰዓት የሚጀመር ሩጫ ያዘጋጃል። መድረሻ መስመር የለውም። ሯጮቹ ከተነሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪና ይከተላቸዋል፤ የደረሰበት ይወጣል፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። የመመዝገቢያው ገንዘብ በሙሉ ለምርምር ይውላል። የመጀመሪያውን ሩጫ ከዓለም ሁሉ አንደኛ ሆኖ ያሸነፈው ማን ነው? ወደ ኦስትሪያ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ ለማወርቅ ከተማ ነው። በ2014 መኪናው የደረሰበት ከ78 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ነው፤ በ2015 ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፤ ሁለቱንም ጊዜ አሸነፈ። አበበን ስደተኛው ሐኪም ጉትማን በተከሉት ሕክምና ረድተውት ነበር፤ ከ45 ዓመት በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ለሕብለ ሰረሰር ምርምር ሮጠ።

በአገራችንም የተሠራ አለ። በ1997 በራዓናና ሎቨንስታይን የማገገሚያ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ዓሚራም ካጽና ባልደረቦቹ ያወጡት መለኪያ፣ ጉዳተኛው ራሱን ችሎ መብላት፣ መልበስ፣ መንቀሳቀስ ምን ያህል እንደቻለ የሚመዝን ሲሆን በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በዚያው በ1997 ዓሚት ጎፈር የተባለ እስራኤላዊ መሐንዲስ በአደጋ ሽባ ሆነ። እርሱም ሪዎክ የተባለውን፣ እግር ላይ ታስሮ በሞተር የሚያስኬድ መሣሪያ ፈለሰፈ። እጁም ስለተጎዳ ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ ቢሆንም ለሌሎች ሠራው። በ2012 ክሌር ሎማስ የተባለች ሽባ የሆነች እንግሊዛዊት ይህን መሣሪያ አጥልቃ የለንደንን ማራቶን በእግሯ ፈጸመች። አበበ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በላይ የፈጀበት መንገድ እርሷን ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀባት። በዚያም ለሕብለ ሰረሰር ምርምር ብዙ ገንዘብ አሰባሰበች።

በ2018 በስዊዘርላንድ ሎዛን ተመራማሪዎች ሕብለ ሰረሰር ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተክለው ሦስት ጉዳተኞችን እንደገና እርምጃ አስጀመሩ። በ2022 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ታል ድቪር ቡድን ከሰው ሴል ያበቀለውን የሕብለ ሰረሰር ክፍል ሽባ ለሆኑ አይጦች ተክሎ አብዛኞቹ እንደገና እንዲሄዱ ማድረጉን አሳተመ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ግን አበበ በነበረበት ጊዜ ይህ መንገድ ጨርሶ አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ዶክተር ሪክ ሆድስ አሉ። ጆይንት በተባለው የአይሁድ በጎ አድራጊ ድርጅት ሥር ሆነው፣ ወደ እስራኤል ለመምጣት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ ወገኖቻችንን ያከሙ ናቸው። ጀርባቸው በሳንባ ነቀርሳ ወይም በተፈጥሮ የጎበጠ ልጆችን፣ ሽባ ከመሆናቸው በፊት ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና እየላኩ ብዙዎችን አድነዋል። የዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው በልገሳ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ማኅበረሰባችን መስጠት ያውቃል። ለሠርግ እንሰጣለን፣ ለለቅሶ እንሰጣለን፣ አገር ቤት ለታመመ ዘመድ ገንዘብ እንልካለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ያደግን ነን። ፊቱን ላላየነው ሰው፣ ውጤቱ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚታይ ምርምር መስጠት ግን አልለመድንም። የአበበ ሕይወት የሚያስተምረን ይህንን ይመስለናል። እርሱን ያተረፈው ዕውቀት፣ ፊቱን ያላዩ ሰዎች የከፈሉበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ሊያስነሱለት ችለዋል፤ ያልተፈለሰፈ መድኃኒት ግን ንጉሥም ሊያመጣለት አልቻለም።

ስለዚህ ከሙያችን አንጻር ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በመኪና ወይም በሥራ ቦታ አደጋ የተጎዳን ሰው፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር፣ ጎትታችሁ አታውጡት፤ አንገቱና ጀርባው እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ወደ 101 ደውሉ። የተጎዳ ሕብለ ሰረሰር በመጎተት ይብስ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁ ጉዳተኛ ካለ መብቱን ጠይቁ። የቢቱዋህ ሌኡሚ የአካል ጉዳት አበል፣ የሰው እርዳታ ለሚያስፈልገው የሚሰጠው ልዩ አገልግሎት አበል፣ የመጓጓዣ አበልና ለሥራ ላይ ጉዳት የሚከፈለው ክፍያ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሌላውንም ሊያገኝ ይችላልና አንድ ወረቀት ሞልታችሁ ጨረስን አትበሉ። በቆዳ ላይ የሚወጣ ቁስልንና የሽንት ትኩሳትን ዛሬም አትናቁ፤ ጉትማን የተዋጉት ጠላት አልሞተም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ክፈሉና እናስኬዳችኋለን የሚሉትን ተጠንቀቁ። በየቤቱ ስንሄድ ያለውን ጥሪት ሸጦ ለእንዲህ ዓይነት ተስፋ የከፈለ ቤተሰብ አጋጥሞናል። እውነተኛ ምርምር በሆስፒታል ኮሚቴ የተፈቀደ ነው፤ ጉዳተኛውን ፊርማ ያስፈርማል፣ አደጋውን ያስረዳል፣ ለሙከራው መድኃኒት ገንዘብ አያስከፍልም።

አራተኛ፣ ስትሰጡ ለታወቀ ዓሙታ ስጡ። በገቢ ግብር ሕግ በሰዒፍ 46 የተፈቀደ ድርጅት ከሆነ፣ ሕጉ ከሚጠይቀው አነስተኛ መጠን በላይ ለሰጣችሁት 35 ከመቶው ከግብራችሁ ይታሰብላችኋል። ደረሰኙን አስቀምጡ። ጥቂት ሰዎች ተሰባስባችሁ፣ በአሽቀሎን ባሕር ዳርም ቢሆን፣ በእግር የሚሄደውም በወንበር የሚሄደውም አብሮ የሚሳተፍበት የመዋጮ ጉዞ ብታዘጋጁ እኛም አብረናችሁ እንሰለፋለን።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ጉዳተኛውን ከጓዳ አውጡት። አበበ ቢቂላ በሙኒክ ስታዲየም በመላው ዓለም ፊት በወንበሩ ተቀምጦ ገብቷል። የኛ ልጅ፣ የኛ ወንድም፣ የኛ አባት በወንበሩ ሆኖ ሠርግ ቤት ቢገባ ማንን ያሳፍራል?

ልጆቻችሁ ስለ አበበ ሲጠይቋችሁ ሮም ላይ አታቁሙ። ሸኖንም ንገሯቸው፣ ስቶክ ማንደቪልንም ንገሯቸው፣ የኖርዌይን በረዶም ንገሯቸው። ለታመሙት ሁሉ ምሕረትን፣ ለሚመራመሩት ጥበብን፣ ለሚሰጡት በረከትን እንመኛለን። ቸር ይግጠመን።